የሰፈር ጸጥታ ስብሰባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምንኖረው በአዲስ አበባ፣ ከአያት ሰፈር ወዲያ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ጫፍ፣ በኮንዶሚኒየም መንደር ውስጥ ነው። የዕድራችንም የብሎክ ኮሚቴያችንም ጸሐፊ ስለሆንኩ ወረዳው የጸጥታ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ሞንታርቦ የጫነችው መኪና «እሑድ በሦስት ሰዓት» ብላ ከማለፏ ጥያቄው ይጀምራል፤ ደረጃ ላይ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ሰዉ ቢለያይም ጥያቄው ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌ መገላገል ፈለግሁ።

ይህ ስብሰባ የወረዳው ምክር ቤት ነው?

አይደለም፤ ግን ሁለቱ ይምታታሉ። የወረዳ ምክር ቤት የራሱ አባላትና አፈ ጉባኤ ያሉት፣ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቅ አካል ነው። በጉባኤው ላይ እጅ አውጥተው ድምፅ የሚሰጡትም አባላቱ ናቸው። እሑድ የምንጠራበት ግን የነዋሪዎች የውይይት መድረክ ነው። ከወረዳው አስተዳደር፣ ከሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ከፖሊስና ከደንብ ማስከበር ሰው ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜ የምክር ቤት አባልም ጎራ ይላል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ በምርጫ የሚቋቋመው፣ 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት አለ። የትልልቅ መንገዶችና የፕሮጀክቶች በጀት የሚወሰነው እዚያ ነው። ስለዚህ «አስፋልቱን ነገ አንጥፉልን» ብሎ የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ ማስጨነቅ ትንፋሽ መጨረስ ነው። ከእርሱ የሚገኘው ጥያቄውን ወደ ላይ በደብዳቤ ማድረሱና የደብዳቤውን ቁጥር ለእኛ መስጠቱ ነው።

በነገራችን ላይ አዛውንቶቻችን አሁንም «ቀበሌ ተጠርተናል» ነው የሚሉት። ቀበሌ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ አፋቸው ላይ የቆየ ስም ነው፤ ወረዳ ከተባለ ወዲህም አልለቀቃቸውም። «ቀበሌ» ቢሉዎት ያው የወረዳው ስብሰባ ማለታቸው ነው።

የእኔ ወረዳ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የት ልሂድ?

ዳር ላይ ለሚኖር ሰው ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ነው። ከዚያ በፊት መታወቂያ ያወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ አሁንም የቀድሞውን ክፍለ ከተማ ስም ይዞ ሊዞር ይችላል። በዚያ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ በ2015 ዓ.ም. የተዋቀረው የሸገር ከተማ አለ። የአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት የፖሊስ ጣቢያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሌባ ድንበር አይቶ አይቆምም፤ አቤቱታ ግን ይቆማል። ቤትዎ በማን ሥር እንደሆነ ችግር ሳይገጥምዎት አስቀድመው ከወረዳው ይጠይቁና የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ በር ላይ ይለጥፉት። በሌሊት መጥፎ ነገር ሲደርስ «ይህ የእኛ ክልል አይደለም» መባልን የመሰለ የሚያቆስል መልስ የለም።

ተከራይ ነኝ። መናገር እችላለሁ?

ይችላሉ። ከእኛ ብሎክ ነዋሪ ግማሹ ተከራይ ሳይሆን አይቀርም፤ በጨለማ የሚመላለሰውም፣ ስልኩ የሚነጠቀውም እርሱው ነው። «ይህ የባለቤቶች ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት የጋራ ሕንፃ ማኅበሩን ስብሰባ ከወረዳው ስብሰባ ጋር አምታቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው ማኅበር የቤት ባለቤቶች ነው፤ ጸጥታ ግን የነዋሪ ሁሉ ነው። የኪራይ ውልዎ በጽሑፍ የሆነና የተመዘገበ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ይህንን ይጠይቃል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አከራዩም ተከራዩም ሲመዘገቡ በብሎኩ ውስጥ ማን እንዳለ ይታወቃል። ይህ ለፖሊስም ለጎረቤትም ሥራ ያቀላል።

ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ለምን ልምጣ?

ይህንን ጥያቄ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሴን የሰጠችኝ አንዲት ነርስ ናት።

ከዳቦ ቤቱ እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድ ለወራት ጨልሞ ነበር። በሦስት ተከታታይ ስብሰባ «መብራት የለም» ተባለ። መልሱ ሦስቱንም ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር። ቃለ ጉባኤዬን ገልጬ ሳይ እኔም የጻፍኩት «ነዋሪዎች የመብራት ችግር አንስተዋል፤ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብቻ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም፤ የማንም ስም፣ ምንም ቀን የለውም። በአራተኛው ስብሰባ የማታ ተረኛ የሆነች ጎረቤታችን ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ይዛ ተነሣች። እየሄደች ቆጥራለች፤ ዘጠኝ ምሰሶ አለ፣ የሚበራው ሁለት ነው፣ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ፣ እርሷ የምታልፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ንግግሯ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞራ «ይህንን ወረቀት ከእናንተ ማን ይቀበለኛል? ስሙን ለጸሐፊው ይንገርልኝ» አለች።

አዳራሹ ፀጥ አለ። መድረኩ ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ፤ በመጨረሻ አንዱ እጁን ዘረጋና ወረቀቷን ተቀበለ። እኔም ስሙን፣ ኃላፊነቱንና «በሁለት ሳምንት» ያለውን ጻፍኩ። ሁለቱ ሳምንት አምስት ሆኑ እንጂ ጉድጓዱ ክዳን አገኘ፣ አምስት ምሰሶዎችም በሩ። ሁለቱ ዛሬም አይበሩም፤ እርሱም ከነቀኑ ተጽፏል።

እንግዲህ ሲመጡ አንድ ጉዳይ ብቻ ይምረጡ። የት እንደሆነ ሰው ሊያገኘው በሚችል ምልክት ይንገሩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚብስ ይጨምሩ። መልስ ሲሰጥ «ማን? መቼ?» ብለው ይጠይቁ፤ እኔም እየሰማሁ እጽፋለሁ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የእርስዎ ጉዳይ ከሌለ ደግሞ ዝም አይበሉ። ሰው ሊነበብ ሲል ነው ኮቱን ደርቦ የሚወጣው፤ ዋናው ነገር ግን ያኔ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትውልዱ ምግባር፣ ስለ ድሮው ዘመን ሰላም መናገር ካማረዎት ከስብሰባው በኋላ ቡና አለ።

ሌባ ይዘን ለፖሊስ እንሰጣለን፤ በማግሥቱ ሰፈር ውስጥ እናየዋለን። ለምን ይለቀቃል?

በየስብሰባው ጭብጨባ የሚያስገኝ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ግማሽ ሕግ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እኛው ነን።

ሕጉን ላስቀድም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ያው አንቀጽ የዋስትና መብትም ይሰጣል፤ ፍርድ ቤት ዋስትና የሚከለክለው በሕግ በተለዩ ሁኔታዎች ነው። ስለዚህ በዋስ የወጣ ሰው ነፃ ተብሎ የወጣ አይደለም፤ ክሱ ይቀጥላል። ይህ መብት የተጻፈው ለሌባ ተብሎም አይደለም። ነገ የእርስዎ ልጅ በስህተት ቢያዝ የሚከራከሩበት ይኸው አንቀጽ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ምድር ላይ የምትኖር ጎረቤታችን የጋዝ ሲሊንደር ከኩሽናዋ በር ላይ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ተወሰደ። የሰረቀው ልጅ በማዳበሪያ ጠቅልሎት ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርስ ተያዘ። ሲቆርጥ ወይም ሲሸከም ያየው ሰው ቢያንስ ስድስት ነበር። ፖሊሱ መጥቶ «ምስክር የሚሆን ማን አለ?» ሲል አንዷ ምድጃ ላይ ቡና ጥዳለች፣ አንዱ ቀጠሮ አለው፣ ሌላው «እኔ ከሰው ጋር ጠላትነት አልፈልግም» አለ። ጣቢያ የሄደችው የሲሊንደሩ ባለቤት ብቻ ናት። እርሷ ደግሞ ተኝታ ስለነበር ያየችው አንድም ነገር የለም! ልጁ ተለቀቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ፖሊስ ሌባ ይለቃል» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩት ከእነዚያው ስድስት ሰዎች ሁለቱ ነበሩ። ስማቸውን ቃለ ጉባኤ ላይ ስጽፍ እጄ ትንሽ ጠንክሮ እንደነበር አልክድም።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም፤ ነገ በዚያው ደረጃ መውረድ አለ። ግን ሁለት ሦስት ሆኖ መመስከር ብቻን ከመመስከር ይቀላል። በብሎካችን አሁን የተስማማነው እንደዚያ ነው፤ ያየ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮት ጣቢያ ይሄዳል።

ታዲያ እኛው ብንቀጣውስ?

አይሆንም። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ነዋሪ ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። መደብደብ ግን ወንጀል ነው፤ ሌባውን ያመጣነው ሰዎች ተከሳሽ እንሆናለን። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የተጮኸበት ሁሉ ሌባ እንዳልሆነም የምናውቅ እናውቃለን። አንዴ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲሮጥ የነበረ ተማሪ እንዴት እንደተረፈ ያየ ሰው በሁለተኛው ጩኸት ላይ ድንጋይ አያነሣም።

ስልኬን በሞተር ሳይክል መጥተው ነጠቁኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ይህ ስርቆት አዲስ አይደለም። ከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ የገደበው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ንጥቂያ ነበር። በቶሎ ወደ ጣቢያ ሄደው ያስመዝግቡ፤ «ምን ያመጣል» ብለው አይተዉት፣ ያልተመዘገበ ንጥቂያ በፖሊስ ዘንድ አልተፈጸመም። የሱቅ ካሜራ በአካባቢው ካለ ባለሱቁን ያን ዕለት ይጠይቁት፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳሉ። ስልክዎ ገና እጅዎ ላይ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ *#06# ይደውሉና የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ከስልኩ ውጪ፣ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የስልኩ ካርቶን ላይም አለ፤ ግን ካርቶኑን ለልጅ መጫወቻ ያልሰጠ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ለየትኛው ችግር ለማን ነው የሚደወለው?

ስብሰባ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ የማይጠብቅም አለ። ቤት ሲነድ የወረዳ ሥራ አስፈጻሚ መፈለግ አይገባም። ለፖሊስ 991፣ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ጭስ የሚያወጣ ትራንስፎርመር ካዩ 905፣ የፈነዳ የውኃ ቧንቧ ወይም የሞላ ፍሳሽ ሲሆን 906። የመንገድ መብራት ብዙ ሰው እንደሚመስለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ አይደለም፤ የዋና መንገዶች መብራት የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። በሕንፃዎች መካከልና ደረጃ ላይ ያለው አምፖል ግን የራሳችን ነው። አምፖል ለማስቀየር ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣ ሰው ገጥሞኛል፤ ከጎኑ የተቀመጠችው እናት ከቦርሳዋ ብር አውጥታ ሰጠችው።

የጥበቃ መዋጮ ግዴታ ነው?

የጋራ ሕንፃ ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት በጉባኤ የወሰነው መዋጮ አባላቱን ይመለከታል። ከዚያ ውጪ በር አንኳኩቶ «ለጸጥታ» የሚል ሰው ከመጣ ማን እንደላከው ይጠይቁት፤ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳይሰጥ ብር አይስጡ። ይህንን ማለት ንፉግ አያሰኝም። ጥበቃዎቻችንን ግን አይርሷቸው፤ በሐምሌ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው ጃኬትና የእጅ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። በፈቃደኝነት የሚያገለግሉት የሰላም ሠራዊት አባላትም ቢሆኑ ፖሊስ አይደሉም፤ አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ ለፖሊስ ያሳውቃሉ። የሚጠበቅባቸውም ይኸው ነው።

የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ ሌሊቱን አያስተኛንም።

ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በጸጥታ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ድምፅ እንኳ ከሌሊቱ ጣሪያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ ጥፋት መሆኑን ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዘው በቀን፣ ባለቤቱ ሳይሞቀው፣ ያናግሩት። በእኛ ሰፈር አንዱ በዚህ ብቻ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውስጥ አዙሯል። እምቢ ካለ በጽሑፍ፣ ብዙ ሆነው ፈርመው ለደንብ ማስከበርና ለአካባቢ ጥበቃ ያቅርቡ።

ጅብና ባለቤት የሌላቸው ውሾችስ?

ጅቡ እዚህ ከእኛ በፊት የነበረ ነዋሪ ነው። የሚስበው ሜዳ ላይ የሚጣለው የሥጋ ቤት ትርፍራፊና የበዓል ማግሥት አጥንት ነው። ቆሻሻው ሲነሣ እርሱም ይርቃል። ውሻ ከነከሰ ግን ቀልድ የለም፤ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ስለ ክትባቱ ይጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ጠበሉንም ከክትባቱ ጎን ለጎን ማድረስ ይቻላል፤ በክትባቱ ፋንታ ግን አይሁን።

ጎረቤቴ ሚስቱን ይደበድባል። ስብሰባው ላይ ላንሣው?

በአደባባይ አያንሡት። ሰው መሀል ስሟ ሲነሣ ያፈረችው እርሷ፣ ማታ ዋጋ የምትከፍለውም እርሷ ናት። ጩኸት ሲሰሙ ለ991 ይደውሉ፤ «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ በር መዝጋት ይቅር። በየፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል መኖሩን ይጠይቁ። ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ቃሉንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ብትሄድ ለማስረጃ ይረዳል።

አማርኛ አቀላጥፌ አልናገርም።

በአፋን ኦሮሞ ይናገሩ። ይህ መሬት ኮንዶሚኒየም ከመቆሙ በፊት ሲታረስ የነበረ ነው፤ ከአራሾቹ ብዙዎቹ ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ከብቶቻቸው የሚያልፉበትንና ጎርፍ የሚወርድበትን መንገድ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አስተርጓሚ አስቀድመን እንለምናለን። ባለፈው ክረምት ውኃው በየት እንደሚገባ የነገሩን አንድ አዛውንት ናቸው፤ ያን ዕለት መድረኩ ላይ ከተናገሩት ሁሉ በቃለ ጉባኤዬ ረዥሙን ቦታ የያዙት እርሳቸው ነበሩ።

ስብሰባው በእርግጥ በሦስት ሰዓት ይጀምራል?

ሞንታርቦው ሦስት ሰዓት ይላል፤ እንግዶቹ ሦስት ተኩል ላይ ይመጣሉ፤ ነዋሪው ቅዳሴ ወጥቶ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይሞላል። እኔ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የዕድሩ ድንኳን ሥር ነኝ። ወንበሮቹ ከመጋዘን የሚወጡት ያኔ ነው። ቀደም ብለው ከመጡ ጉዳይዎን በእርጋታ ነግረውኝ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ። ከመቀመጥዎ በፊት ግን ሁለት ሁለት ወንበር ይዘው ይግቡ፤ የምንደረድረው እኔና የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ብቻ ሆነን ቀርተናል፣ እርሳቸውም ወገባቸውን ያማቸዋል።